ከለገሃር ፒያሳ በእግር፦ ነርቭና ሆርሞን ሲሠሩ በራስ ላይ እንዴት ማየት ይቻላል?

ስለ ነርቭና ሆርሞን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ሥዕሉን ገልብጠን፣ ስሞቹን ሸምድደን፣ ከፈተናው ማግስት ረስተናል። ሁለቱ ግን አሁንም ሰውነታችሁን እያስተዳደሩ ነው። ሥራቸውን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሰዓት ያለው ስልክና ቸርችልን የሚያስወጣ ጉልበት ይበቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፤ ትልቁ ልዩነታቸው ጊዜ ነው። ነርቭ መልእክቱን በኤሌክትሪክ ይልካል። ፈጣኖቹ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ፤ ሥራቸውም ቶሎ ያበቃል። ሆርሞን ከዕጢ ወጥቶ በደም ነው የሚዞረው። ዘግይቶ ይመጣል፣ ከመጣ በኋላም ቶሎ አይሄድም።

1. ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። ለገሃር፣ የአንበሳው ሐውልት አካባቢ ጥላ ፈልጉና አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ። ሁለት ጣት በእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉ። 30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙ። ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ቁጥሩን ጻፉት።

ጣታችሁን ሳታነሱ በረጅሙ ተንፍሱ። አየር ስታስገቡ ትርታው ፈጠን፣ ስታስወጡ ቀዝቀዝ ይላል። ወጣቶች ላይ የበለጠ ይታያል። ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ልጓም ላላና ጠበቅ ሲያደርግ ነው።

2. ብድግ በሉ። ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ የደም ግፊት ለአፍታ ይቀንሳል። አንገት ላይና ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ላይ ያሉ ነርቮች ይህን ለአንጎል ይነግራሉ። በሰከንዶች ውስጥ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠብባሉ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን ቀስ ብላችሁ ተነሱ።

3. ክላክሱን ጠብቁ። መፈለግ አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። (ለሙከራ ብላችሁ መኪና መሐል እንዳትገቡ!) ሚኒባሱ ጆሯችሁ ሥር ሲጮህ መጀመሪያ የምትደነብሩት በነርቭ ነው። ምን እንደሆነ ሳታውቁ ትከሻችሁ ተነስቷል።

አሁን ወደ ዳር ውጡና ትርታችሁን ቁጠሩ። ሚኒባሱ ሄዷል፣ ሹፌሩም ተሰድቧል፤ እጃችሁ ግን ገና ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በነርቭ ታዘው አድሬናሊን ደም ውስጥ ለቀዋል። ነርቭና ሆርሞን እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ደም ውስጥ ያለው አድሬናሊን በጥቂት ደቂቃ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስትቆጥሩ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ተጠግታችሁ ታገኙታላችሁ።

ድንጋጤው ጠንከር ያለ ከሆነ ሌላ ሰንሰለትም ይነሳል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን ያዛል፣ ፒቱታሪ አድሬናልን ያዛል፣ አድሬናል ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ይህ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ጠዋት የተጣላ ሰው ነገሩ ካለቀ በኋላም ሰውነቱ ያላለቀለት ለዚህ ነው።

4. ዳገቱን ውጡ። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ያለው ይበቃችኋል። ትንፋሽ ገና በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ይፈጥናል፤ ከአንጎልና ከጡንቻ የሚመጣ የነርቭ መልእክት ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ እንግዳ ካላችሁ አትቸኩሉበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ኩላሊቱ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ በደንብ እስኪበዙ ግን ሳምንታት ያልፋሉ።

5. ፒያሳ ቁጭ በሉ። ፒያሳ የድሮዋ ባትሆንም ማኪያቶ አልጠፋባትም። ጾም ከሆነ ጥቁር ቡና። ኬኩ ሳይቀርብ በመዓዛው ብቻ ምራቅ ይሞላል፤ ይህ ነርቭ ነው። ከበላችሁ በኋላ ስኳሩ ደም ውስጥ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፤ ጡንቻ፣ ስብና ጉበት ስኳሩን ይሰበስባሉ። የስኳር መለኪያ ቤታችሁ ካለ፣ ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው በባዶ ሆዱ ከ70 እስከ 100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር)፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ያሳያል። እስከ 9 ሰዓት ስትጾሙ ደግሞ ሌላው የቆሽት ሆርሞን፣ ግሉካጎን፣ ተራውን ይይዛል፤ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲያወጣ ያደርጋል። ስኳር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ በጾም አትሞክሩት።

ካፌይኑንም አትርሱ። ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገና ግማሹ አብሯችሁ ነው።

6. በጉዞው የማይታየውን እወቁ። አንገት ላይ ካለው ዕጢ የሚወጣው የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም ይወስናል፤ አዮዲን ከሌለ አይሠራም። እንቅርት የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተቀምጣችሁም ትርታው በየጊዜው ከ100 በላይ ከሆነ፣ እየበላችሁ ከከሳችሁ፣ ሙቀት ካልቻላችሁ፣ ይህ ሆርሞን በዝቶ ሊሆን ስለሚችል የጻፋችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በተቃራኒው ሆርሞኑ አንሶ ክኒኑ ከታዘዘላችሁም በሳምንት ለውጥ አላየሁም ብላችሁ አታቁሙ። ሆርሞኑ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ሰባት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑ መስማማቱን በደም ምርመራ የሚያየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቆ ነው።