ስለ ዘይቤ፣ ምፀትና ጭብጥ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ብዙ ሰው «እንደ» የሚል ቃል ካየ «ተነጻጻሪ ዘይቤ!» ብሎ ያሰምርበታል። «እንደ አባቱ ረጅም ነው» ግን ተራ ንጽጽር ነው፤ ሰውን ከሰው ነው ያስተያየው። «እንደ ነገርኩህ መጣ» ደግሞ ጭራሽ ማወዳደርም አይደለም። ዘይቤ የሚሆነው ዓይነታቸው የተለያየ ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ «ቃሏ እንደ እሾህ ወጋኝ»። «እንደ» ወጥታ «ቃሏ እሾህ ነው» ሲባል ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። የመጀመሪያው ይመስላል ይላል፤ ሁለተኛው ነው ብሎ ይቆርጣል። ስለዚህ የዘይቤውን ስም ጽፎ ማለፍ ግማሽ ሥራ ነው። ደራሲው ለምን ይሄኛውን መረጠ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ከሁሉም የተበደለው ግን ምፀት ይመስለኛል። መጥፎ አጋጣሚ ሁሉ ምፀት ይባላል። በሠርግ ቀን ዝናብ ቢጥል መጥፎ ዕድል ነው፣ በቃ። ምፀት ተቃርኖ ይፈልጋል፤ የተባለው ከታሰበው፣ የሆነው ከተጠበቀው ሲቃረን ነው። አርፍዶ ለመጣ ሰው «ምነው ቸኮልክ?» ማለት የንግግር ምፀት ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያ ራሱ ሲቃጠል የሁኔታ ምፀት ነው። ድራማዊ ምፀት ደግሞ እኛ የምናውቀውን ገፀ ባሕርይው ሳያውቅ ሲቀር ነው። በጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት በሶፎክልስ ሥራ ንጉሥ ኤዲፐስ ከእሱ በፊት የነበረውን ንጉሥ ገዳይ ይራገማል፤ ገዳዩ ራሱ ነው። አፈ ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች እርግማኑ ማን ላይ እንደሚያርፍ ከጅምሩ ይገባዋል።

ጭብጡ ምንድን ነው ሲባል «ፍቅር» ብሎ መመለስም ተለምዷል። ፍቅር ርዕሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ ድርሰቱ ስለ ፍቅር የሚለው ነገር ነው፤ «ቅናት ፍቅርን ከውስጥ ይበላዋል» እንደማለት።

ታሪክና ሴራም (የድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት መያያዝ) ይምታታሉ። «ልጁ ሄደ፤ እናቱ ታመመች» ታሪክ ነው። «ልጁ በመሄዱ እናቱ ታመመች» ከተባለ ሴራ መጣ፤ ምክንያት ገባበት።

ምልክት፣ ማለትም ሌላ ሐሳብ የሚወክል ነገር፣ ፍለጋ ላይ ደግሞ እናበዛዋለን። በር በተከፈተ ቁጥር ነፃነት ነው እንላለን። አንዳንዱ በር፣ በር ብቻ ነው! ከተደጋገመ ወይም ወሳኝ ቦታ ላይ ከመጣ መጠርጠር ይቻላል።

በ«እኔ» የሚተርከውን ሰው ደራሲው ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ተራኪውም እንደ ሌሎቹ ገፀ ባሕርያት የተፈጠረ ነው። ሊዋሽ፣ ሊረሳ፣ ራሱን ሊክብ ይችላል። በየገጹ «እመኑኝ» የሚል ተራኪ ካጋጠማችሁማ፣ የሚናገረውን ከሌሎቹ ሰዎች አድራጎት ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት።