ለፋብሪካ ሠራተኛ ሥልጠና ስታዘጋጁ፦ ከተበላሸው ልብስ ጀምሩ

ሥልጠና አዘጋጁ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ፓወርፖይንት ነው። እሱን ትታችሁ አንድ ሳምንት የተበላሸ ልብስ ቁጠሩ። እዚህ ምሳሌ የምናደርገው ደብረ ብርሃን ያለ የልብስ ስፌት መስመር ነው፤ ከመንዝ፣ ከባሶና ወራናና ከአንኮበር የመጡ፣ ብዙዎቹም ከዚህ በፊት የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን ያልነኩ ወጣቶች የሚሠሩበት። ለቢራ ፋብሪካም ሆነ ለወረዳ ገንዘብ ያዥ አካሄዱ ያው ነው።

በየቀኑ ከመስመሩ 50 ልብስ ሳትመርጡ አንሡ። ጉድለቱን በዓይነት ለዩ፦ ስፌት የዘለለ፣ ክር የተበጠሰ፣ የተሸበሸበ፣ ልኩ የተዛነፈ። ሳምንቱ ሲያልቅ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ይወጣል። ሥልጠናው ለእሱ ብቻ ይሁን። አምስት ጉድለት ባንድ ቀን ላስተካክል ያለ አንዱንም አያስተካክልም።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሠራተኛዋ የወር ደመወዟ በዚህ ላይ ቢወሰን ትችለዋለች ወይ? የምትችል ከሆነ የጎደላት ችሎታ አይደለም። መርፌ ከመጋዘን ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ይጠየቅ ይሆናል፤ መብራቱ ደብዛዛ ይሆናል፤ ወይም ጉርሻው የሚከፈለው በብዛት ብቻ ስለሆነ ጥራት ላይ ጊዜ ማጥፋት ኪሷን ይጎዳል። ሥልጠና ለእነዚህ መድኃኒት አይሆንም። አሠራሩ ሳይነካ ሠራተኛው ብቻ ሲሠለጥን ገንዘቡ ይባክናል፤ ሠራተኛውም በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ እምነት ያጣል።

የማትችል ከሆነ ግቡን ጻፉ። «ሠልጣኞች ስለ መርፌ አጠቃቀም ይገነዘባሉ» የሚል ግብ ማንም ሊለካው አይችልም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ሠልጣኟ ያለ ማንም እርዳታ መርፌ በ2 ደቂቃ ውስጥ ትቀይራለች፤ ከዚያም በ10 ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ስፌት ሳይዘልባት ትሰፋለች።» ይህ ዓረፍተ ነገር ፈተናውም ነው፤ ሌላ ፈተና ማዘጋጀት አያስፈልግም።

አሁን ሥራውን በትኑት። ጎበዝ የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች ሲሠሩ ቆማችሁ እዩ፤ እንዲነግሯችሁ አትጠይቁ። ባለሙያ እጁ የለመደውን ሲያወራ ግማሹን ይዘለዋል። ያያችሁትን በሦስት ዓምድ አስፍሩ፦ ምን ይደረጋል፣ ምን ላይ ይጠነቀቃል፣ ለምን። ባለ አንድ መርፌ የኢንዱስትሪ ማሽን ላይ መርፌ መቀየር በጽሑፍ ሲወርድ ይህን ይመስላል፦

1. ማብሪያውን አጥፉ፤ ሞተሩ ዝም እስኪል ጠብቁ። የቆየው ዓይነት ሞተር ከጠፋም በኋላ ለትንሽ ጊዜ ይሽከረከራል፤ በዚያ መሃል ፔዳሉ ከተነካ መርፌው ጣት ላይ ያርፋል።
2. መዘውሩን በእጅ አዙራችሁ መርፌውን ጫፍ ድረስ ከፍ አድርጉ።
3. ብሎኑን በካቻቢቴ አላሉ፤ አሮጌውን አውጥታችሁ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱ። ጨርቅ ውስጥ የቀረ ስባሪ ገዢው እጅ ይደርሳል።
4. አዲሱን መርፌ ረጅሙን ቦይ (በጎኑ የተቦረቦረውን መስመር) ወደ ግራ አዙራችሁ እስኪነካ ወደ ላይ ግፉ። ከተጣመመ ወይም ዝቅ ካለ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን ሳይዝ ያልፋል፤ ስፌት የሚዘለው በዚህ ነው።
5. ብሎኑን አጥብቁ፤ ክሩን ከግራ ወደ ቀኝ አስገቡ፤ በቁርጥራጭ ላይ ሞክሩ።

ለአንድ ሥልጠና ከአምስት እስከ ሰባት እርምጃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሥራው ሁለት ነውና ለሁለት ክፈሉት።

ለማስተማሩ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ያወጡት ባለ አራት ደረጃ ዘዴ እስከ ዛሬ የሚተካው አልተገኘም፦ ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራት፣ መከታተል። ማሳየቱ ሦስት ዙር አለው፤ መጀመሪያ እርምጃዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ከጥንቃቄዎቹ ጋር፣ በመጨረሻ ከነምክንያታቸው። ከዚያ ሠልጣኟ ራሷ ትሠራለች፤ መጀመሪያ ዝም ብላ፣ ኋላ እያስረዳች። ስትሳሳት ወዲያው አስቁሟት፤ የተለመደ ስህተት ለማስተው ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። በአንድ ማሽን ከሦስት ሰው በላይ አታቁሙ። አራተኛዋ የምታየው የሌላውን ጀርባ ነው።

ስልክ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። እጅን የሚያስተምረው ማሽን ነው፤ ስልኩ የተማሩት እንዳይረሳ ያስታውሳል። ቪዲዮው ለአንድ ሥራ አንድ፣ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይሁን። ስልኩን አቁማችሁ ከሠራተኛዋ ትከሻ በላይ ቅረጹ። ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታያል፤ «ቦይ ወደ ግራ» ያልነው ሁሉ ይገለበጣል። ይህን ስህተት ብዙ የሥልጠና ቪዲዮ ላይ ታዩታላችሁ። የፋብሪካ ጩኸት ባለበት ድምፅ አይቀረጽም፤ ምስሉን መስመሩ ላይ፣ ድምፁን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ቅረጹና አገናኙ። ጽሑፍ ጨምሩበት፤ ግን በእርምጃ ከአምስት ቃል አይብለጥ። መስመሩ ላይ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ካሉ ድምፁን በሁለቱም ቋንቋ ማዘጋጀት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ፋይሉን በ480ፒ ጥራት ከ10 ሜጋባይት በታች እንዲሆን አሳንሱት። ሠራተኛዋ በራሷ የዳታ ካርድ እንድትከፍተው አትጠብቁ፤ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ዋይፋይ አድርጉ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፍ። ስማርት ስልክ ለሌላት ደግሞ እርምጃዎቹን በሥዕል በአንድ ወረቀት አሳትማችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ። እንዲያውም ከቪዲዮው ይልቅ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ማሰራጫው ለአነስተኛ ቡድን ቴሌግራም ይበቃል። የጥያቄ ዓይነት ምርጫ (ኩዊዝ ፖል) አለው፤ ትክክለኛው መልስ ይሞላበታል፣ ለተሳሳተችም አጭር ማብራሪያ ይወጣል። ቻናል ላይ ግን ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፤ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግሩፕ ክፈቱና ምርጫውን ስም የሚያሳይ አድርጉት። የተሳሳተችን በሰው ፊት አትጥሩ፤ በማግስቱ ማንም አይመልስም። ቀሪ መዝገብ የሚያስፈልገው ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሙድል የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት መስጫ ሶፍትዌር ቢተክል ይሻለዋል፤ የሙድል መተግበሪያ ትምህርቱን አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት ያስነብባል።

ጥያቄው «መርፌ ምንድን ነው?» አይሁን። አራት የመርፌ ፎቶ አሳዩ፤ ሦስቱ በቆጠራችሁት ሳምንት ያያችኋቸው ስህተቶች ይሁኑ። የተማሩት ነገር ሳይደጋገም ቶሎ እንደሚጠፋ ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ላኩ። በየጊዜው ሁለት ጥያቄ ይበቃል።

ቀኑንም አስቡበት። የወር በዓላት፣ ሚካኤልም ማርያምም፣ መቅረት የሚበዛባቸው ናቸው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን አዲስ ነገር ከሰዓት በኋላ አይገባም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ ሳይጀመር 30 ደቂቃ ያዙ። ሙስሊሙ በሚበዛበት ደግሞ አርብ ቀትርን ተዉት። ሠራተኛውን ሌላ ከተማ ሆቴል ወስዶ አበል እየከፈሉ ማሠልጠንን በተመለከተ፣ ሰው የሚመጣው ለአበሉ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ለመስመሩ መለማመጃ ማሽን ግዙበት።

ሁሉንም ከመጥራታችሁ በፊት በአራት ሰው ሞክሩት። የት ላይ ቆም እንዳሉ፣ የቱን ቃል እንዳልተረዱ መዝግቡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደናቅፈው ከፋብሪካ መመሪያ ተገልብጦ የገባ ቃል ነው።

ከሱፐርቫይዘሮች ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ሥልጠና የሚሞተው እዚህ ነው። ሠራተኛዋ አዲሱን አሠራር ስትለማመድ ፍጥነቷ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ቀን «ኮታሽን ሙዪ!» ከተባለች ወደ ድሮው ትመለሳለች። ለሦስት ቀን ኮታው ዝቅ ይበል፤ ይህም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሰጥ።

ውጤቱን ስትለኩ «ሥልጠናውን ወደዱት?» በሚል ቅጽ አትቁሙ። ኪርክፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ግምገማን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ስሜት፣ ትምህርት፣ ሥራ ላይ መዋል፣ ውጤት። የእኛ ድርጅቶች ብዙዎቹ ከመጀመሪያው አያልፉም። በ1 ሳምንትና በ4 ሳምንት እንደ መጀመሪያው በየቀኑ 50 ልብስ አንሥታችሁ በዚያው መንገድ ቁጠሩ፤ ጎን ለጎን ያልሠለጠነ አንድ መስመር ቁጠሩ። ሁለቱም እኩል ከተሻሻሉ ለውጡ የመጣው ከሥልጠናው ላይሆን ይችላል፤ የክሩን አቅራቢ ጠይቁ። በ1 ሳምንት ተሻሽሎ በ4ኛው ከተመለሰ ደግሞ ትምህርቱ ገብቷቸዋል፣ ክትትሉ ግን ላልቷል ማለት ነው።

የቪዲዮውን ፋይል ስትሰይሙ የማሽኑን ሞዴልና የተቀረጸበትን ወር ጻፉበት። ሞዴሉ ሲቀየር አሮጌውን ከግሩፑ ሰርዙ፤ የተለጠፈውንም ወረቀት በዚያው ቀን ንቀሉ።