ፕላኑ ሳይጸድቅ የከርሰ ምድር ውሃውንና የጥንቱን ቤት እንዴት እናስጠብቅ?

የአካባቢያችሁ አስተዳደር አዲስ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ለውይይት ሲያቀርብ መጀመሪያ ካርታውን ክፈቱ። ጽሑፉ ላይ «ይጠበቃል» ማለት ቀላል ነው፤ ወሰኑ ካርታ ላይ ካልተሰመረ ግን ብዙም ዋጋ የለውም።

ከዚያ የዝናብ ውሃ ወደ መሬት የሚሰርግበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ላይ ነዳጅ ማደያ ወይም ቆሻሻ መጣያ ከተፈቀደ ዝም አትበሉ። የከርሰ ምድር ውሃ አንዴ ከተበከለ ማጽዳቱ ዓመታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሆንም።

ቅርሱንና ውሃውን ለየብቻ አትዩአቸው (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው)። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ውስጥ ብዙ የድሮ ቤቶች የቆሙት መሬት ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ሲሆን፣ እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ረጅም ዘመን ይቆያል፣ ውሃው ወርዶ አየር ሲያገኘው ግን ይበሰብሳል። ለዚህም ነው ከተማዋ በእነዚህ ሰፈሮች የሚገነባ ሰው የዝናብ ውሃን መልሶ ወደ መሬት እንዲያስገባ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው።

አስተያየታችሁ በጽሑፍ ይሁን። አንቀጹን በቁጥር ጥቀሱ፣ «ይበረታታል» የሚለው «ግዴታ ነው» በሚል እንዲተካ ጠይቁ፣ የገባበት ቀን የተጻፈበት ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ። ቀነ ገደቡንም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ካለፈ ላይቀበሏችሁ ይችላሉ።