ፓወር ስቴሽንን ሜዳ ላይ በተጣጣፊ ሶላር መሙላት፦ ዋቱ የት ነው የሚጠፋው?

ፓወር ስቴሽን ማለት መውጫዎች ያሉት ተንቀሳቃሽ ትልቅ ባትሪ ነው። እሱን በሚሞላው ተጣጣፊ የሶላር ፓነል ላይ የተጻፈው፣ ለምሳሌ 200 ዋት፣ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የሴሎቹም ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ሜዳ ላይ ፀሐይ የመታቸው ሴሎች በቀላሉ 60 ዲግሪ ይደርሳሉ፤ ሙቀቱ ብቻውን ዋቱን ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥርት ባለ ቀን ከ130 እስከ 160 ዋት ካገኛችሁ ፓነሉ ጤነኛ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ የፓወር ስቴሽኑ ስክሪን 70 ካለ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአቀማመጥ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ቮልቱን አመሳክሩ። የፓወር ስቴሽኑ የሶላር መግቢያ ላይ ለምሳሌ «12–30 ቮልት፣ 10 አምፔር» ተብሎ ይጻፋል። ከፓነሉ ጀርባ ደግሞ ሁለት ቮልት ታገኛላችሁ፦ ሥራ ላይ ሲሆን የሚሰጠው፣ 18 ገደማ፤ ምንም ሳይያያዝበት የሚያሳየው፣ 22 ገደማ። ከመግቢያው ጣሪያ፣ ማለትም ከ30 ቮልቱ፣ ጋር የሚወዳደረው ሁለተኛው ነው። ሁለት ፓነል በሲሪስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ) ስታያይዙ ቮልቱ ተደምሮ 44 ይሆናል፤ ይህ 30 ቮልት የሚችለውን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። በፓራለል (ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ) ስታያይዙ የሚደመረው አምፔሩ ነው። ብርድ ቮልቱን ከፍ ስለሚያደርግ ከጣሪያው 15 በመቶ ያህል ክፍተት ተዉ። ለብቻው የተገዛ ማገናኛ ካለ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ሳታረጋግጡ አትሰኩት፤ ተገላቢጦሽ የተሠሩ አሉ።

አቅጣጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተጻፉት መመሪያዎች «ወደ ደቡብ አዙሩት፣ እግሩን አቁሙት» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ 5 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ በጣም የምታዘቀዝቀው በታኅሣሥ ሲሆን ያኔ በቀትር ፓነሉን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ማዘንበል ይበቃል። በሰኔ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ብቻ። የፓነሉ እግር ግን ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አቁሞ ይይዘዋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በ45 ዲግሪ የቆመ ፓነል ከቀጥታ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። እግሩ የሚጠቅመው ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ወደ ምዕራብ ስታዞሩት ነው። ከ5 እስከ 8 ሰዓት፣ ከታኅሣሥ አካባቢ በስተቀር፣ ከሞላ ጎደል አስተኙት፣ ግን ሥሩ አየር እንዲገባ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ጥቁር ድንጋይ ወይም አሸዋ ላይ ከተለጠፈ ይግላል።

ልኩን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። እስክሪብቶ ፓነሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ፓነሉን አዘንብሉት። ጥላው ከእስክሪብቶው ሥር ሲገባ ፓነሉ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ከደመነ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ማዞሩ ትርጉም የለውም፤ አንጋላችሁ ተዉት።

ጥላ ከምታስቡት በላይ ይጎዳል። ሴሎቹ በሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ወይም የቦርሳ ማንጠልጠያ ጥቂት ሴሎችን ሲሸፍን የሚወርደው ዋት ከተሸፈነው ስፋት እጅግ ይበልጣል። አንዱ እጥፋት ጎብጦ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያይም እንዲሁ ነው። አራቱም ክፍሎች አንድ ዝርግ መሆናቸውን ጎን ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ነፋስ እንዳያነሳው ማዕዘኖቹን በካስማ እሰሩ።

ፓወር ስቴሽኑን ግን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ደናክል ላይ ፀሐይ ውስጥ ከተተወ ይግልና ራሱን ለመከላከል መሙላት ያቆማል። ሰሜን ተራሮች ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ አሳድሩት። ጥላ ፍለጋ ገመድ ስታስረዝሙ ውፍረቱን አስቡ። 10 ሜትር ርቀት ላይ፣ በ18 ቮልትና በ10 አምፔር፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ 1.4 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ባለ 4 ካሬ 0.9 ገደማ።

ጊዜውን ስታሰሉ ከተጻፈው ዋት 70 በመቶውን ውሰዱ። 1000 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ200 ዋት ፓነል 7 ሰዓት፣ ብክነቱ ሲጨመር 8 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ይህ ከአንድ ቀን ፀሐይ በላይ ነው። እየሞላ ሳለ የኤሲ መውጫውን (እንደ ቤት ሶኬት ያለውን) ካልተጠቀማችሁበት አጥፉት፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ባዶውንም ዋት ይበላል። ስልክ በዩኤስቢ ይሞላ።

ስክሪኑ 0 ካለ በቅደም ተከተል እነዚህን እዩ፦ የፓነሉ ማገናኛ «ቀጭ» ብሎ ገብቷል? ያልተያያዘው ገመድ ጫፍ ላይ መልቲሜትሩ 20 ቮልት አካባቢ ያሳያል? ከፓነሉ ጋር የመጣ የመኪና ባትሪ መቆጣጠሪያ መሃል ገብቶ ይሆን? ካለ አውጡት፤ ፓወር ስቴሽኑ የራሱ አለው።

ስትነቅሉ ፓነሉን መጀመሪያ በጨርቅ ሸፍኑት ወይም በደረቱ ድፉት፤ ኃይል እያለፈ የተነቀለ ማገናኛ ብልጭታ ይፈጥራልና ጫፉ ይቃጠላል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሳይደርቅም አትጠፉት፤ እጥፋቱ ውስጥ የቀረ እርጥበት ከኋላ ያለውን የማገናኛ ሳጥን ያዝገዋል።