ሶፍት ኮፒው ከታተመው ሲወደድ፦ ሐዋሳ ሆነው ከመግዛትዎ በፊት የሚሠራ ስሌት

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ሲያዩ አንዳንዴ ሶፍት ኮፒው 15 ዶላር፣ የታተመው ደግሞ 12 ዶላር ሆኖ ያገኙታል። ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ መጋዘን አይፈልግ፤ ታዲያ ምን አስወደደው? ጉዳዩ የሽያጭ ውል ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች የኢ-ቡክን (የሶፍት ኮፒ መጽሐፍን) ዋጋ ራሳቸው የሚተምኑበትን አሠራር ያዙ። በፍርድ ቤት ክርክር መሐል ቢላላም ተመልሶ ጸንቷል። ሻጩ ድረ ገጽ ኮሚሽኑን ይወስዳል እንጂ ዋጋውን አይነካም። የታተመውን ግን በጅምላ ገዝቶ ስለሚሸጥ፣ ሲያሻው ይቀንስበታል። ግብርም የራሱ ድርሻ ነበረው፤ እንግሊዝ እስከ 2020 ድረስ የታተመ መጽሐፍ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳትጥል ከኢ-ቡክ ግን 20 በመቶ ትወስድ ነበር።

የአማርኛ መጽሐፍ ነገር ከዚህ ይለያል። እኛ ዘንድ ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ የማተሚያ ቤት ወጪ የመጽሐፉን ዋጋ ከፍ የሚያደርግ ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ሶፍት ኮፒ ከሃርድ ኮፒው በልጦ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የወጣው ለውጭ አገር ነዋሪ አንባቢ ነው፤ ለሐዋሳ ሰው አይደለም። መጽሐፉ እዚሁ ፒያሳ ወይም አዲስ አበባ በህትመት እያለ በዶላር መክፈል ምክንያት የለውም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ። ሽፋን ላይ ያለው ዋጋ ብቻውን አያወዳድርም። ለታተመው ዋጋውን ከማጓጓዣው ጋር ይደምሩና አንብበው ሲጨርሱ የሚሸጡበትን ይቀንሱ። ለሶፍት ኮፒው የዶላሩን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ ያባዙና የባንኩን ክፍያ ይጨምሩ፤ የሚቀነስ የለም፣ መልሰው አይሸጡትምና።

በቁጥር እንየው። ምንዛሪውን ለማሳያ 150 ብር ብናደርገው (ትክክለኛውን ከባንክዎ ይውሰዱ) የ15 ዶላሩ ኢ-ቡክ 2,250 ብር ነው፤ የባንክ ክፍያ 100 ብር ቢታከልበት 2,350። የ12 ዶላሩ ህትመት 1,800 ብር፣ ማጓጓዣው 10 ዶላር ከሆነ ተጨማሪ 1,500፣ በድምሩ 3,300 ይሆናል። አንብበው 1,000 ብር ቢሸጡት የወጣብዎ 2,300 ነው። ልዩነቱ 50 ብር ብቻ! እዚህ ላይ የሚወስነው መጽሐፉን ትሸጡታላችሁ ወይስ ታስቀምጡታላችሁ የሚለው ነው። ለማስቀመጥ ከሆነ ሶፍት ኮፒው በ950 ብር ረክሷል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ካመጣልዎት ደግሞ ስሌቱ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ ማጓጓዣው ወጥቶ 1,800 ብር፣ ሲሸጥ ደግሞ 800 ብር ብቻ። ባለ 300 ገጽ መለስተኛ መጽሐፍ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ዘመድን ለማስቀየም የሚበቃ ክብደት አይደለም፣ ሦስት አራት ካልላኩበት በቀር።

የዶላሩን ነገር አቅልለው አይዩት። ብር በገበያ መተመን የጀመረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዶላር የተለጠፈ ኢ-ቡክ ዋጋው ሳይነካ በብር ይወደዳል። ሐዋሳ መደርደሪያ ላይ ያለ ህትመት ግን ቀድሞ ከገባ የሚሸጠው በአሮጌው ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ ገጹ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ይመልከቱና ይጠይቁ።

ለአማርኛ መጽሐፍ ማጓጓዣው ቀላል ነው። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ለገሃር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የተገዛ መጽሐፍ ከቃሊቲ መናኸሪያ በአውቶቡስ ቢላክ በማግስቱ እጅዎ ይገባል። አንዷን መጽሐፍ ብቻ ማስላክ ግን የመጽሐፏን ዋጋ ያህል ሊያስወጣ ይችላል። አምስት ስድስት ሰው ሆነው አንድ ካርቶን ያስልኩ፤ የመላኪያውም ድርሻ ይቀንሳል፣ ጅምላ ስለሆነ ሻጩም ጥቂት ይቀንሳል።

የሚገዙት ምን እንደሆነ

የታተመ መጽሐፍ ንብረት ነው፤ ያውሱታል፣ ይሸጡታል፣ ለልጅ ያወርሱታል። የአብዛኛው ኢ-ቡክ ሻጭ ውል ግን የሚሰጠው የማንበብ ፈቃድ ነው። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ መነበብ አቆሙ፤ ገንዘቡን መለሰ እንጂ መጽሐፉን አላስቀረም። አማዞንም ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጽሐፍን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ወደ ኪንድል (የአማዞን የኢ-ቡክ ማንበቢያ) የማዛወሪያውን መንገድ ዘግቷል። ለዚህ ነው፣ ለ10 ዓመት የሚያስፈልግዎን መጽሐፍ በሶፍት ኮፒ ከገዙ ተቆልፎ (ከሻጩ መተግበሪያ ውጭ እንዳይከፈት ሆኖ) እንደሚመጣ ወይም በክፍት ኢፐብ (EPUB፣ የፊደሉ መጠን የሚስተካከል የኢ-ቡክ ፋይል) እንደሚሰጥ ከክፍያ በፊት ማየት የሚገባው። ክፍት ኢፐብ ከሆነ በሁለት ቦታ ያስቀምጡት፦ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይልዎ ላይ። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ኢፐብ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ቦታ አይፈጅም።

ውጭ ያለ ወዳጅ በራሱ ካርድ ከገዛልዎት መጽሐፉ በማን አካውንት ውስጥ እንደሚቀመጥ ይወስኑ። በእሱ ስም ከሆነ ያነበቡት የእሱን ነው፤ የይለፍ ቃሉን በለወጠ ዕለት መጽሐፉ ይሄዳል። በራስዎ ኢሜይል አካውንት ከፍተው፣ ሻጩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በስጦታ መልክ እንዲልክልዎት ይጠይቁት። በራስዎ ካርድ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ለውጭ የኢንተርኔት ግብይት መከፈቱን አስቀድመው ከባንክዎ ያረጋግጡ። አካውንቱን በስልክ ቁጥር ብቻ አይክፈቱ፤ ሲም ካርዱ ሳይሠራ ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አካውንቱን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ናሙናውን አውርደው ይፈትኑ

ከመክፈልዎ በፊት ነጻ ናሙናውን በሚያነቡበት መሣሪያ ላይ ይክፈቱት። በዴስክቶፕ አምሮ የታየ በስልክ ሊበላሽ ይችላል። ለአማርኛ የሚከተሉት ይፈተሹ።

ፊደሉ በባዶ ሳጥን ከታየ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት መጫን ይፈታዋል። ፊደሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ከመጣ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቀላል። መጽሐፉ የተተየበው ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ ሳይገባ (ይህም በ1999 እ.ኤ.አ. ነው) ወይም ከዚያ በኋላም በቆዩት የጽሕፈት ፕሮግራሞች ነው፤ የዚያኑ ፎንት ካላገኙ አይነበብም።

ቀጥሎ አንድ ቃል ተጭነው ለመምረጥ ይሞክሩ። ቃሉ ካልተመረጠ የያዙት የገጽ ፎቶ ነው፤ ፊደሉን ማሳደግ፣ መፈለግ፣ ማስነበብ አይቻልም። የፎቶ ፒዲኤፍ ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ምን እንደሚሆን እናስላ፦ የመጽሐፍ ገጽ 21 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፣ ስክሪኑ 12 ገደማ፤ በ12 ነጥብ የተተየበው ጽሑፍ ወደ 7 ነጥብ ይወርዳል። በዚያ መጠን ሉ ይሁን ሊ ለመለየት መነጽር ያላቸውም ይቸገራሉ። እንዲህ ላለ ፋይል ከህትመት በላይ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ባለ 10 ኢንች ታብሌት ካለዎት ብቻ ይታገሱት።

የመፈለጊያው ነገር በአማርኛ ሲሆን ሻጮች እንደሚሉት አይደለም። ‹ሐሳብ› ብለው ከፈለጉ ‹ሃሳብ› ወይም ‹አሳብ› ብሎ የጻፈውን አያመጣም፤ ኮምፒውተሩ ለየብቻ ፊደሎች ናቸው የሚላቸው። ‹መጽሐፍ› ብለው ‹መጽሐፉ› ያለበትን አያገኙም፣ መጨረሻው ፊደል ተለውጧልና። ‹መጽሐ› ብለው ግን ሁለቱንም ያገኛሉ። ግስ ከሆነ የባሰ ነው፦ ‹ሰበረ› ‹ይሰብራል›ን አያውቀውም። ሕግ፣ መዝገበ ቃላት ወይም ማጣቀሻ የሚገዙ ሰዎች ለፍለጋው ሲሉ ነው ጨምረው የሚከፍሉት፤ ናሙናው ላይ ሦስት ቃላት ፈልገው ካልረኩ አይጨምሩ። ለእንግሊዝኛ ማጣቀሻ ግን ፍለጋው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለ800 ገጽ የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ከህትመቱ 20 በመቶ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል ብለን እናምናለን።

ሥዕልና ሰንጠረዥ የበዛበትን፣ የምህንድስናም ሆነ የአናቶሚ፣ በስልክ አይግዙ። ሰንጠረዡ ይሰባበራል፣ ሥዕሉና ማብራሪያው ሁለት ገጽ ላይ ይለያያሉ። ምናልባት የማያስደስት ምክር ነው፣ ግን ግማሽ ዋጋ ከሆነም አይግዙት።

መሣሪያውም ወጪ ነው

በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ተጨማሪ ወጪ የለም፤ ዓይንና ባትሪ ግን ይከፍላሉ። መብራት በጠፋ ምሽት ስልኩ ለእጅ ባትሪነትም፣ ለቴሌብርም፣ ለንባብም ስለሚፈለግ መጽሐፉ ይሸነፋል። የኢ-ኢንክ መሣሪያ (እንደ ኪንድል ያለ፣ ስክሪኑ ወረቀት የሚመስል ማንበቢያ) አንዴ ተሞልቶ ሳምንታት ይቆያል፣ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይም ጥርት ብሎ ይነበባል። ድክመቱ ስክሪኑ ነው፤ ከውስጥ መስታወት ስላለው ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ይሰነጠቃል፣ መለዋወጫውም ሐዋሳ አይገኝም። ከሽፋኑ ጋር ይግዙት፣ ላፕቶፕ ሥር አይክተቱት። ዋጋውን በሚያነቧቸው መጻሕፍት ብዛት ያካፍሉ፦ 15,000 ብር የወጣበት መሣሪያ በዓመት 10 መጽሐፍ ለሦስት ዓመት ቢነበብበት በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ 500 ብር ይጨምራል። በዓመት ሦስት መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ግን በአንዱ ላይ ከ1,600 ብር በላይ ይሆናል፤ አይግዛው።

ዓይን ከደከመ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ወደ ጎን ይደረጋል። ፊደሉን እስኪበቃ ማሳደግ የሚቻልበት ኢፐብ፣ ደቃቅ ህትመት ለማያነቡ አዛውንት፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ይገባዋል።

ስለ ነጻው ፒዲኤፍ

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሶፍት ኮፒ ከሁሉም ይረክሳል፣ ዜሮ ብር ነውና። ሕጉ ግን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለግል ጥቅም ማባዛት የተፈቀደውም ሙሉ መጽሐፍን አይጨምርም። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ ማስደረግም በዚያው አዋጅ ሥር ይወድቃል። ከሕጉ ባሻገር የጥራት ችግር አለ፦ ገጽ የጎደለ፣ የተንጋደደ፣ ከአሮጌ እትም የተቀዳ ብዙ ነው። በሥራ የሚጠቅስ ሰው የእትሙን ቁጥር ሳያይ አይጠቀምበት። ርካሽ ከፈለጉ ከተመራቂ ተማሪ ያገለገለውን ይግዙ፤ ሰኔ ላይ፣ ሻንጣ ሲታሰር፣ ዋጋ ይወርዳል።

ከገዙ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን አያባክኑ። ኪንድል ላይ በስህተት የተገዛ መጽሐፍ በ7 ቀን ውስጥ የሚመለስበት ዕድል አለ፣ ብዙ ገጽ ካነበቡ ግን ይጠባል። ስለዚህ ከማንበብዎ በፊት ማውጫውን፣ አንድ ሰንጠረዥንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ይክፈቱ፤ የተበላሸ ካለ ያኔውኑ ይመልሱ።