ጅማ ላይ የተራ ሰው ዘር ሲቆጠር

ቅድመ አያቱ ባላባት የነበረ ሰው ብዙ አይደክምም፤ ስሙ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ቡና ሲለቅም ወይም ሂርማታ ገበያ ሲነግድ የኖረውን ሰው ግን ከሽማግሌ ትዝታና ከተበታተነ ወረቀት ማሰባሰብ ግድ ነው።

ከራስዎ ይነሱ፤ አባትን ሳያረጋግጡ ወደ አያት አይለፉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይስጡ፦ የተጠራባቸው ስሞች ሁሉ፣ የእናቱ ስም፣ የተወለደበትና የተቀበረበት ቦታ፣ ይህን ማን መቼ እንደነገረዎት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሁለት አክስቶች የተለያየ ነገር ሲናገሩ ግን የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሽማግሌን «መቼ ተወለደ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚሰጥዎ ቁጥር ግምት ነው። «ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ከብት ያግድ ነበር ወይስ አግብቶ ነበር?» ቢሉ ይሻላል። ወደ ኋላ ሲሄዱ የ1911 የኅዳር በሽታ ጥሩ ምልክት ነው። «በአባ ጅፋር ዘመን» የሚል መልስ ግን ብቻውን አይረዳም፤ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። ወንድማማቾችን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ ታናሹ የታላቁን ቃል ይደግማል።

ከወረቀት ሁሉ የሚበልጠው የወራሽነት መዝገብ ነው። የሟች ስም፣ የሞተበት ጊዜ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች፣ የምስክሮች ቃል አንድ ላይ ይገኙበታል። ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲሄዱ የሟቹን ስም እስከ አያት፣ ውሳኔ የተሰጠበትን ዓመት በግምት፣ ከተገኘም የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይጠይቁ። ዝርዝሩን ግን ሙሉ ነው ብለው አይመኑ፤ ቀድሞ የሞተ ወይም ርቆ የሄደ ልጅ ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል።

ስም ፍለጋው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከስም ፊት በሚመጣው «አባ» ላይ ነው። አባ ቢያ የሚባል ሰው በአንዱ መዝገብ «አ» ሥር፣ በሌላው «ቢያ» ተብሎ «በ» ሥር ሊገኝ ይችላል። በቅርብ ዓመታት የተጻፈው ደግሞ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ስለሆነ በሁለቱም ፊደል ይፈልጉ።

የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ ከሳጥን ሥር ከወጣ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ባለመሬቱን በስም ያሳያል። ጭሰኛ የነበረ አያት እዚያ ላይ ባይገኝ አይገርምም፤ እሱን ከ1967 በኋላ በገበሬ ማኅበር ወረቀቶች ይፈልጉት። የልደት ምስክር ወረቀትን በተመለከተ፣ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት) ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፤ ለአዛውንት የተሰጠ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ባለቤቱ የተናገረው ነው።

በኪታብ ጠርዝ ላይ የተጻፈ የሂጅራ ቀን ካገኙ እንደ ፈረንጆች ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰው አይገምቱ። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ በሂጅራ 66 ዓመት የኖረ ሰው በእኛ አቆጣጠር 64 ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፤ በደርግ ዘመን ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ወረቀቱ ላይ «ከፋ» የሚል ስላዩ ብቻ የዛሬው ከፋ ዞን ከተማ ቦንጋ ድረስ አይሂዱ፤ መጀመሪያ የአውራጃውንና የወረዳውን ስም ያንብቡ።