አኮርዲዮኑ ይጫወታል፣ ኪቦርዱ ዝም፦ የሚዲ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ዲጂታል አኮርዲዮን ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ያለው ግን ውሎ አድሮ አንድ ነገር ያምረዋል። አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አንግቶ የኪቦርዱን ክራር፣ የላፕቶፑን ስትሪንግ ከዚያው ሆኖ ማዘዝ። በሚዲ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚተዛዘዙበት መንገድ፣ ይቻላል። ገመዱን ሰክቶ ወዲያው የሚሳካለት ግን ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ይቺን ያዙልኝ። በሚዲ ገመድ ውስጥ ድምፅ አይሄድም። የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ይህ ቁልፍ ተጫነ፣ በዚህ ያህል ጉልበት፣ አሁን ተለቀቀ። ድምፁን የሚያወጣው ተቀባዩ ነው። አኮርዲዮን ደግሞ ትእዛዙን በአንድ መስመር አይልክም። አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁ በአንድ ቻናል፣ ቤዙ በሌላ፣ ኮርዱ በሦስተኛ ይሄዳል። በዚያ ላይ ወናፉ ሳያቋርጥ የራሱን ትእዛዝ ያፈሳል። ኪቦርዱ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ከታች ያለው ጣጣ ባብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጭራሽ ድምፅ የለም

የአኮርዲዮኑ ‹አውት› ወደ ኪቦርዱ ‹ኢን› መግባት አለበት። አውት ከአውት ከተገናኘ ማንም ማንንም አይሰማም። ወደ ላፕቶፕ የሚሄዱት ርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ገመዶች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጫፉ ላይ ‹ኢን› የተጻፈበት ብዙ ጊዜ የሚሰካው መሣሪያው ‹አውት› ላይ ነው። ካልሠራ አገላብጣችሁ ሞክሩ፣ የሚቃጠል ነገር የለም።

ገመዱ ራሱ ሊሆንም ይችላል። የድሮ ቴፕና ሬዲዮ ባለ አምስት እግር ገመድ መልኩ ከሚዲ ገመድ ጋር አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ስትገዙ ቴስተር ያለው ልጅ ፈልጉ። 4ኛው እግር ከ4ኛው፣ 5ኛው ከ5ኛው፣ መሐለኛው 2ኛው ከ2ኛው ይገናኝ። በሚዲ ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ርዝመቱም ከ15 ሜትር አይለፍ።

ሁለቱም መሣሪያ ዩኤስቢ ብቻ ካለው በአንድ ገመድ አገናኝቶ መጠበቅ ልፋት ነው። ሁለቱም ታዛዥ ናቸው፣ አዛዥ ያስፈልጋቸዋል። መሐል ላይ ላፕቶፕ፣ ወይም ኦቲጂ የሚቀበል (የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካበት አዛዥ የሚሆን) ስልክና የዩኤስቢ ማከፋፈያ ይግባ። ከዚያ የአኮርዲዮኑን ሚዲ ወደ ኪቦርዱ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ክፈቱ። ካልተከፈተ ሁለቱም ላፕቶፑ ላይ ይታያሉ፣ ግን አይተላለፍም።

ገመዱ ደህና ሆኖ ዝም ካለ ቻናሉን እዩ። ሚዲ 16 ቻናል አለው። አኮርዲዮኑ በ1 እየላከ ኪቦርዱ በ4 ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሁለቱም ሳይበላሹ ምንም ድምፅ አይወጣም። በነገራችን ላይ ግራ እጃችሁን ስትጫኑ ከበሮ ከተመታ፣ ያ ክፍል 10ኛው ቻናል ላይ ነው ያለው። በጀነራል ሚዲ፣ መሣሪያዎች በጋራ በሚከተሉት የድምፅ አደላደል፣ 10 የከበሮ ነው። ወደ ሌላ አዙሩት።

ኪቦርዱ ዲዳ ሆኖ ይቀራል

ይሄኛው ነው ሰውን የሚያደክመው። እዚሁ ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አኮርዲዮኒስቱ ዘፈኑን ጨርሶ ወናፉን ዘጋ። ኪቦርዲስቱ ቀጣዩን ሊጀምር ቁልፍ ሲጫን ምንም የለም። ቮልዩሙን እስከ ጥግ አዞረው። ጃኩን ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሚክሰሩን ነካካ። ‹‹ጋሼ፣ ኪቦርዴን ምን አደረጉብኝ?›› አለ። አኮርዲዮኒስቱ ምን እንደሆነ ለማየት ወናፉን ትንሽ ሳብ ሲያደርግ፣ ቮልዩሙ ጥግ ላይ የነበረው ድምፅ ድንኳኑን አናወጠው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ወናፉ ሲሳብ አኮርዲዮኑ ኮንትሮል ቁጥር 11 የሚባለውን፣ ኤክስፕሬሽንን፣ ከ0 እስከ 127 ይልካል። ወናፉ ሲቆም የመጨረሻው ቁጥር 0 ወይም ለ0 የቀረበ ይሆናል። ኪቦርዱም ያንን ይዞ ይቀራል፣ ሌላ ቁጥር እስኪመጣለት አይለቅም። የቮልዩም ቁጥሩ 7 ነው፣ ከ11 ጋር አንድ አይደለም። 7ን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ 11 ዜሮ ላይ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

ለጊዜው፣ ኪቦርዱን አጥፍቶ ማብራት ወይም ‹ሪሴት ኮንትሮለርስ› የሚለውን ትእዛዝ፣ ቁጥር 121ን፣ መላክ ይበቃል። ለዘለቄታው ግን አኮርዲዮኑን ኪቦርዲስቱ በእጁ ከሚጫወትበት ክፍል ለዩት። አኮርዲዮኑ ለብቻው ቻናል ይኑረው። ያኔ ወናፉ የሚያፍነው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ወናፉ ለየትኛው ድምፅ?

ዋሽንት፣ ስትሪንግ፣ ብራስ ከወናፍ ጋር ነፍስ ይዘራሉ። ክራርና ፒያኖ ግን አይስማሙትም። ክሩ አንዴ ተመትቶ ራሱ እየሞተ የሚሄድ ድምፅ ነው። ወናፉን በደንብ ሳትስቡ ቁልፉን ከተጫናችሁ ምቱ ይታፈናል፣ ጅራቱ ብቻ ይሰማል። ለእነዚህ ከአኮርዲዮኑ ሚዲ ሴቲንግ ውስጥ ለዚያ ክፍል ኤክስፕሬሽን መላክን ዝጉ። ጉልበቱን ከቁልፉ አመታት ይውሰድ። የቀኝ እጁ ቁልፍ አመታት የማይለይ ከሆነ ደግሞ 100 አካባቢ ቋሚ ቁጥር ስጡት።

ሬጂስተር ስቀይር ኪቦርዱም ይቀየራል

ሬጂስተር፣ ማለትም የአኮርዲዮኑን ድምፅ መቀየሪያ ቁልፍ፣ ስትጫኑ ‹ድምፅ ቀይር› የሚል ትእዛዝ፣ ፕሮግራም ቼንጅ፣ ይሄዳል፣ ኪቦርዱም ታዝዞ ድምፁን ይቀይራል። ካልፈለጋችሁት መላኩን ዝጉ። ከፈለጋችሁት ግን አንድ ቁጥር መዛነፉን ጠብቁ። አንዳንዱ መሣሪያ ከ0 እስከ 127፣ አንዳንዱ ከ1 እስከ 128 ይቆጥራል።

ቅኝቱ ይጋጫል

ኪቦርዲስቶቻችን ለአንቺሆዬ ወይም ለሌላ ቅኝት አንዳንዱን ኖታ በስኬል ቱኒንግ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጉታል። ይህ ማስተካከያ የሚቀመጠው ኪቦርዱ ውስጥ ነው። አኮርዲዮኑ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው። 60 ማለት መሐለኛው ዶ ነው፣ ስንት እንደተቀነሰለት አያውቅም። ስለዚህ የአኮርዲዮኑ የራሱ ድምፅ በቀጥታው ቅኝት፣ ኪቦርዱ በተስተካከለው ይወጣና ጆሮ ይቆረጥማል። ሰው ‹‹አኮርዲዮኑ ከቅኝት ወጣ›› ይላል። አልወጣም። አኮርዲዮኑ የቅኝት ማስተካከያ ካለው ያንኑ ኖታ በዚያው መጠን አስተካክሉት። ከሌለው ‹ሎካል ኦፍ› አድርጋችሁ የራሱን ድምፅ ዝጉ፣ በኪቦርዱ ብቻ ተጫወቱ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ መድረክ ላይ ሁለት ቅኝት ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ስታይሉ (ኪቦርዱ ራሱ የሚጫወተው አጃቢ) የማልጫወተውን ኮርድ ይይዛል

ግራ እጃችሁ ዶ ቤዝ፣ ኮርድ፣ ሶል ቤዝ፣ ኮርድ እያለ ሲሄድ ኪቦርዱ ቤዟንም እንደ ኮርድ ሊቆጥራት ይችላል። ኮርድ የሚያነብበትን ቻናል የኮርዱ ቻናል ብቻ አድርጉት፣ ቤዙን አስወጡት። የያማሃ ቲሮስ ካላችሁ ሚዲ ሜኑው ውስጥ ለአኮርዲዮን የተዘጋጀ ቴምፕሌት አለ። ከዚያ መጀመር ይሻላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ይህን ለጅማ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። አኮርዲዮኑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ኪቦርዱ ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ኪቦርዱ በመነሻው ድምፅና ቻናል ይነሳል። አኮርዲዮኑ ደግሞ ሁሉም እንደነበረ መስሎት ምንም መልሶ አይልክም። ሬጂስተሩን እንደገና ተጫኑት፣ ፕሮግራሙን በድጋሚ ይልካል። ሴቲንጋችሁን ቀድማችሁ ኪቦርዱ ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥ ግን ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ድምፁ እጥፍ ሆኖ ከተሰማ ትእዛዙ በሁለት መንገድ እየደረሰ ነው። ምናልባት ላፕቶፑ መልሶ ይልከዋል። ማስተላለፉን በአንድ በኩል ዝጉ።

ኖታ ተጣብቆ ከጮኸ ‹‹ተለቀቀ›› የሚለው ትእዛዝ አልደረሰም። ብዙ ጊዜ ገመድ ሲላላ ነው። ‹ፓኒክ› የሚለውን ተጫኑ፣ ከሌለ ኖታዎችን ሁሉ የሚዘጋውን ትእዛዝ፣ ቁጥር 123ን፣ ላኩ። ገመዱን ከማንጠልጠያው ጋር እሰሩት።

ላፕቶፑ ከዘገየ የድምፅ ካርዱን በፈር፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን፣ ቀንሱ። በ44,100 ሄርዝ 1024 ሳምፕል ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ 256 ግን 6 ገደማ። በብሉቱዝ ስፒከር የምትሰሙ ከሆነ በፈሩን አትውቀሱት፣ በገመድ ስፒከር ሞክሩ።